የነከሰኝን ውሻ በሕይወት ማቆየት

ጥርሱ የገባው የቀኝ እጄ አውራ ጣት ሥር፣ ሥጋው ወፈር የሚልበት ቦታ ላይ ነው። መጀመሪያ ሁለት ነጫጭ ቀዳዳዎች አየሁ፤ ደሙ የመጣው ቆይቶ ነው። እጄ እስከ ክርኔ ሞቀ። ከዚያ ጣቴ ደነዘዘ።

ይህን የምጽፈው ውሻ ለነከሳቸው፣ የተነከሰ ሰው ለሚያስታምሙ፣ እንዲሁም እንደ እኔ ሳያስቡት የሚፈራ ውሻ እጃቸው ላይ ለወደቀባቸው ሰዎች ነው። ውሻ ወዳድ አልነበርኩም። በከሚሴ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ታይፒስት ሆኜ ሠርቼ ጡረታ ከወጣሁ በኋላ፣ ከሟች ባለቤቴ በቀረልኝ ግቢ ከእህቴ ልጅ ከራውዳ ጋር እኖር ነበር። ባጃጅ ወደ ከተማችን መግባት የጀመረበት ሰሞን ነው።

ያን ሰሞን ያበደ ውሻ ታየ ተባለና ባለቤት የሌለው ውሻ ሁሉ በተመረዘ ሥጋ እየተጠራረገ ነበር። ከመርዙ የተረፈውን ሰፈርተኛው በድንጋይ ያሳድደዋል። ከእነዚህ አንዱ፣ ጆሮው የተሰነጠቀ፣ አንገቱ ላይ የሽቦ ቀለበት ያለበት ቡናማ ውሻ፣ በቁልቋል አጥሩ ሾልኮ ባዶ የነበረው የፍየል በረቴ ውስጥ ገባ። ጠዋት ጥግ ላይ ተለጥፎ አገኘሁት። ላስወጣው መጥረጊያ ይዤ ገባሁ። መውጫው አንድ ነው፤ እሱም ላይ የቆምኩት እኔ ነበርኩ። መጥረጊያውን ስዘረጋ ነከሰኝ።

ወጥቼ የበረቱን የቆርቆሮ በር ዘጋሁበት። ሌላ ሰው እንዳይነክስ ብዬ ነው፤ ከዚያ ያለፈ ሐሳብ አልነበረኝም።

ራውዳ ስትጮህ ጎረቤታችን አያ ይመር ደረሰ። እህል ነጋዴ ነው፤ በእኔና በእሱ ግቢ መካከል ያ የቁልቋል አጥር ብቻ ነው ያለው። የመጣው ፋስ ይዞ ነው።

«የታለ?» አለ። ሰላምታ የለም።

«በረት ውስጥ።»

«ክፈቺልኝ። ጭንቅላቱን ልበለውና ጸጉሩን አቃጥለን ቁስሉ ላይ እንነስንስበት። ደሙ ሳይደርቅ ነው የሚሻለው።»

በእኛ ዘንድ የነከሰ ውሻ አያድርም። ወዲያው ይገደላል፤ የጸጉሩ አመድ ቁስሉ ላይ ይነሰነሳል። ከዚያ መድኃኒት አዋቂ ዘንድ ተሂዶ በወተት የሚጠጣ ሥር ይወሰዳል። ሥሩን የጠጣ ሰው አርባ ቀን ወንዝ መሻገር የለበትም። ከተሻገረ መድኃኒቱ ይፈርስበታል፤ ያብዳልም ይባላል። ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው የኖርኩት ነው። የሚጠራጠር ሰው አላውቅም ነበር፤ እኔም ጮክ ብዬ ተጠራጥሬ አላውቅም።

«ከከፈትክለት አንተንም ይነክስሃል፤ ያኔ ለሁለታችን የሚበቃ ጸጉር የለውም» አልኩት።

አያ ይመር በሩን አየ፤ ፋሱን አየ። «እንግዲያው ማታ በመርዝ እንገላግለዋለን» ብሎ ወጣ። እኔም ቧንቧው ሥር ሄጄ እጄን በሳሙና አጠብኩ። ማጠቡ የረዘመው ስላመመኝና ቀዝቃዛው ውሃ ስለተሻለኝ ነው። ሐኪሞቹ በኋላ ከሁሉ በላይ የጠቀመኝ እሱ እንደሆነ ነገሩኝ።

ከቀትር በፊት ራውዳ ሥሩን አስቀምማ አመጣችልኝ። ጠጣሁት። ቀጥሎ ቁስሉን ለማስጠገን ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ነርሷ ፋሻውን ሳትፈታ በፊት ጠየቀችኝ።

«ውሻውን ገደላችሁት?»

«ተዘግቶበታል። ማታ ይገደላል።»

«እንዳታስነኩት!» አለች። «የእብድ ውሻ በሽታ፣ የራቢስ ቫይረስ በምራቁ ያለ ውሻ ብዙ አይቆይም፤ ታሞ ይሞታል። ከነከሰዎት ቀን ጀምሮ አሥር ቀን በጤና ከቆየ ራቢስ አልሰጠዎትም ማለት ነው። ከተገደለ ግን ምን እንደነበረበት አናውቅም። ክትባቱን ደግሞ ውሻውን ሳይጠብቁ አሁኑኑ መጀመር አለብዎት። እዚህ የለንም፤ ደሴ ይሂዱ።»

ደሴ ለመሄድ የቦርከናን ወንዝ መሻገር ግድ ነው። ለራውዳ ነገርኳት። ፊቷ ተለዋወጠ።

«አክስቴ፣ መድኃኒቱን ከጠጡ ገና አንድ ቀንም አልሞላዎት!»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ?»

«ታዲያ ነገ ጠዋት እንሄዳለን።»

ማታ አያ ይመር ሲመጣ ነርሷ ያለችውን ነግሬ መለስኩት፤ የበረቱንም በር ቆለፍኩት። ለራውዳ ያልነገርኳት፣ ልጅ ሳለሁ በእብድ ውሻ በሽታ የሞተ ሰው ማየቴን ነው። ሥሩን ጠጥቶ ነበር። ወንዝም አልተሻገረም። በማግስቱ ሚኒባሱ ድልድዩ ላይ ሲደርስ ራውዳ ዓይኗን ጨፈነች። እኔ ውሃውን አየሁት።

ደሴ ያገኘሁት ሐኪም ወጣትና ቁጥብ ሰው ነበር። የዚያን ጊዜው ክትባት ከእንስሳት አንጎል የሚሠራ ነው፤ በየቀኑ በሆድ ቆዳ ሥር ይወጋል። የመጀመሪያውን እሱ ወጋኝ። የቀረውን ብልቃጥ በበረዶ በተሞላ ፔርሙዝ አድርጎ፣ ነርሷ ከሚሴ ላይ እንድትወጋኝ ሰጠኝ። ስወጣ እንዲህ አለኝ፦ «ይህ መድኃኒት አልፎ አልፎ ነርቭ ያስቆጣል። እግርዎ ከደነዘዘ ወይም ሽንት እምቢ ካለዎት በዚያው ቀን ይምጡ። ውሻውንም በደንብ ይጠብቁት።»

ስመለስ ሰፈሩ ሰምቶ ነበር። «ተሻገረች» ይሉኛል። ቧንቧ ላይ ሴቶቹ ጀሪካናቸውን ከእኔ ጀሪካን ያርቃሉ። ለቅሶ ቤት ለብቻዬ በብርጭቆ ውሃ ሰጡኝ፤ ስመልስላቸው ብርጭቆውን በጨርቅ ይዛ የወሰደችው ልጅ ስትወለድ ያጠብኳት ናት። አያ ይመር በየማለዳው በአጥሩ ላይ ይጮህብኛል።

«ዘሃራ! ዘመድሽ እንዴት አደረ?»

«ከጎረቤቴ በተሻለ።»

«ሲያብድ ግቢሽን አልፎ ወደ እኔ ነው የሚመጣው! ልጆች አሉኝ!»

«ካበደ ከአንተ በፊት የማውቀው እኔ ነኝ።»

በዚህ አልተሳሳተም፤ ልጆች ነበሩት። እኔም በሩ ላይ ከዘጋሁት ቁልፍ በቀር የምሰጠው ዋስትና አልነበረኝም።

ውሻውን ጠላሁት። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይውላል። የቆርቆሮው በር ሲንቋቋ ከተኛበት ሳይነሳ ሽንቱ ያመልጠዋል። እጅ ከፍ ካለ፣ ሻሽ ለማሰር እንኳ ቢሆን፣ ይንቀጠቀጣል። ሰው እያየው አይበላም። ሳህኑን በረጅም እንጨት በበሩ ሥር ገፍቼለት እሄዳለሁ፤ ስመለስ ባዶ ይሆናል። መብላቱን ለማረጋገጥ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ እሄዳለሁ። የምሄደው ለራሴ ነው። ያበደ ውሻ መዋጥ እንደሚያቅተው ነርሷ ነግራኛለች።

ከዚያ እግሬ ታመመ።

ጎህ ሲቀድ ሱብሒ ስሰግድ ነው። ሱጁድ ወረድኩ። መነሳት አቃተኝ። ግንባሬ ምንጣፉ ላይ ነው። ግራ እግሬን አዘዝኩት። አልመጣም። ራውዳ አነሳችኝ። ቆየት ብሎ ቀኙም ደከመ። ከእምብርቴ በታች ጉንዳን የሚሄድብኝ መሰለኝ። ሽንት መጣ፤ አልወጣም። ጉንጬን ነካሁ። አወቀኝ። ሆዴን ነካሁ። አላወቀኝም።

በሩ ላይ ሰው ተሰበሰበ። አንዷ ጎረቤት «አካም ቡልታን» ብላ በኦሮምኛ እንዴት አደራችሁ ልትል ጀምራ ሳትጨርስ አፏን ያዘች።

«ወንዙ ነው» አለ አያ ይመር ከኋላ። በቁጣ አልነበረም የተናገረው፤ እርግጠኛ ስለነበር ነው። «አሁንስ ያንን ርኩስ አትገድሉትም?»

ሚኒባስ ውስጥ ሲያስተኙኝ የራውዳን እጅ ያዝኩ። «አንቺ አትመጪም። ውሻው ጋ ትቀሪያለሽ» አልኳት።

«አክስቴ! እርስዎ እንዲህ ሆነው እኔ ውሻ ልጠብቅ?»

«እሱ ከሞተ እኔ መቼ እንደምሞት የሚነግረኝ የለም።»

ራውዳ ውሻውን ከእኔ የባሰ ትጠላው ነበር። ውሻ ባለበት ግቢ መላእክት አይገቡም እያለች ሰግዳ የተነሳችበትን ምንጣፍ ሁለት ጊዜ ታራግፋለች። ቀረች።

ሐኪሙ ጉልበቴን በትንሿ መዶሻ መታው። እግሬ አልተወራጨም። ሌላኛውን መታው። እሱም ዝም። ሐኪሙ ቀና አለ።

«ውሻው በሕይወት አለ?»

«ትናንት ማታ በልቷል።»

«እንግዲያው መርፌውን አቆማለሁ። ነርቭዎን ያስቆጣው እሱ ነው። አሥሩ ቀን እስኪሞላ ግን ውሻው ጤነኛ መሆኑን በየቀኑ ማወቅ አለብኝ። ከታመመ ወይም ከጠፋ ራቢስን መፍራት ይኖርብናል፤ መርፌውን ልቀጥል ብል ደግሞ እግርዎን ሊወስደው፣ ወደ መተንፈሻዎም ሊወጣ ይችላል።»

ፕሬድኒሶሎን የሚባል ክኒን ጀመርኩ። ለሽንቴ ካቴተር የሚባል ቱቦ ገባልኝ። ጠበቅሁ።

ራውዳ በየጠዋቱ ቴሌ ሄዳ ወደ ክፍላችን ትደውላለች። ተረኛዋ ነርስ ስልኩን ዘግታ ከበሩ ላይ ትነግረኛለች። «በልቷል።» ሌላ ቃል የለውም። በበነጋታው፣ «በልቷል።» አጠገቤ የተኙት በሽተኞች ስለ ልጄ የሚነገረኝ መስሏቸው ነበር።

አንድ ቀን ስልኩ አልመጣም። ጠዋት አልፎ ቀትር ሆነ። ነርሷን አልጠየቅኋትም። ኮርኒሱን አየሁ። ስልኩ የተደወለው ከቀኑ ዐሥር ሰዓት በኋላ ነው፤ መልእክቱ ግን ያው ነበር። የሆነውን የሰማሁት ቤቴ ከገባሁ በኋላ ከራሷ ከራውዳ አፍ ነው።

ማለዳ በረቱ ውስጥ፣ ከአጥሩ በኩል የተወረወረ ጨው የሚመስል ዱቄት ያለበት ሥጋ አገኘች። ውሻው በተቃራኒው ጥግ ተኮራምቷል። አልነካውም። የሚወረወርበት ነገር ሁሉ ለእሱ ድንጋይ ነው፤ እስከዚያ ቀን ድረስ ሌላ ነገር ተወርውሮለት አያውቅም ይሆናል። ራውዳ ሥጋውን በእንጨት ጎትታ አውጥታ ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍራ ቀበረችው። ከዚያ አጥሩ ሥር ሄዳ ተጣራች።

«አያ ይመር! ሥጋ ወድቆብዎት ከሆነ ቀብሬዋለሁ።»

«የምን ሥጋ? ወላሂ የማውቀው ነገር የለም።»

«ካላወቁ ደግ። አክስቴን የሚገድል ሥጋ ነበር።»

ማን እንደወረወረው እስከ ዛሬ አላውቅም። ከዚያ ሰዓት ጀምሮ ራውዳ መስገጃዋን ይዛ ከበረቱ ፊት ለፊት፣ ንጹሕ መሬት መርጣ ተቀመጠች። ቴሌ የዘገየችው የሚጠብቅላት ሰው እስክታገኝ ነው። ያገኘችው ሰው ደግሞ የአያ ይመር ሚስት ነበረች።

አሥሩ ቀን ሞላ። ሐኪሙ መጥቶ አልጋዬ ጫፍ ላይ ቆመ። «ራቢስ የለብዎትም። አለቀ» አለ። ውሃ ጠየቅሁና ጠጣሁ። ሌላ ያደረግሁት ነገር የለም።

እግሬ ግን ቶሎ አልተመለሰም። በሁለት ክራንች ቤቴ ስገባ ራውዳ ከሁሉ አስቀድማ የጠየቀችኝ ውሻው አሁን ይለቀቅ እንደሆነ ነበር። አስፋልቱ ሳይደርስ በድንጋይ እንደሚገድሉት ሁለታችንም ስለምናውቅ፣ የሚወስደው ሰው እስኪገኝ ለጊዜው ይቆይ አልኳት። ከሰንበቴ ከተማ የከብት ገበያ አንድ ነጋዴ የቤት ጠባቂ ውሻ ይፈልጋል ሲባል አስጠራሁት። መጥቶ በበረቱ ቀዳዳ አየው፤ ውሻውም እንደ ልማዱ ሽንቱን ለቀቀ። ሰውየው እስኪያስለው ሳቀ። «እትዬ፣ ይሄ እኮ ሌባ ሲመጣ ሌባውን ዐፉ በለኝ ነው የሚለው!» ብሎን ሄደ። ሌላ የጠየቀ አልነበረም።

ራውዳ አንድ ሽማግሌ የሃይማኖት አስተማሪ ጠይቃ መጣች። ለጥበቃ ከሆነ ከቤት ውጭ ይኑር፣ ምራቁ ልብስና ዕቃ እንዳይነካ ተጠንቀቁ አሏት። ስለዚህ ለእሱ ብቻ የሚሆን ሳህን ለየን፤ በረቱ አጠገብ ምስማር መትቼ አንድ አሮጌ ቀሚስ ሰቀልኩ። እሱ ጋ ስሄድ እለብሰዋለሁ፤ ለሶላት ስነሳ አወልቄ እታጠባለሁ። ብዙ ሰው ይህን ማድረግ የማይቻል ይመስለዋል። ልብስ የመቀየር ያህል ነው።

ሐኪሙ ፀሐይ ላይ እየተቀመጥኩ እግሬን እንዳንቀሳቅስ አዞኝ ነበርና፣ ራውዳ በርጩማዬን በረቱ ፊት ለፊት አድርጋልኝ፣ በሩንም ከፍታልኝ ትሄዳለች። ያለ ሰው እርዳታ መነሳት አልችልም። እስከዚያ ቀን ያ ውሻ የሚያውቀው ሰው ሁሉ ድንገት የሚነሳ፣ የሚሮጥ፣ ጎንበስ ብሎ ድንጋይ የሚያነሳ ሰው ነበር፤ እኔ ግን ብፈልግም አልችልም። እንዲለምደኝ ብዬ ያደረግሁት አንድም ነገር የለም። ጀርባዬን ሰጥቼው፣ ቁርጭምጭሚቴን ወደ ላይና ወደ ታች ለማድረግ እየታገልኩ እውላለሁ፤ እሱም ከኋላዬ መብላት ጀመረ፤ ቆይቶ ጎኔን ሰጥቼው እያለሁ በላ፤ ደግሞ ቆይቶ ከበረቱ ወጥቶ እግሬን አሸተተ። እግሬ ገና ደንዝዞ ስለነበር ትንፋሹ አልተሰማኝም፤ ማሽተቱን በዓይኔ ነው ያየሁት።

በመካከሉ ወደ ኋላ የተመለስንባቸው ጊዜያት ነበሩ። አንድ ቀን መጥረጊያ ከግድግዳ ላይ ወድቆ ሲጮህ ወደ ጥጉ ገብቶ፣ ሰው እያየው የመብላት ነገር እንደገና ከዜሮ ተጀመረ። እኔም ክራንቹን ጥዬ በአንድ ከዘራ ለመሄድ ስሞክር ወድቄ ሳምንት ተኝቻለሁ። ያን ሰሞን በአንድ ግቢ ውስጥ ሁለት በሽተኞች ነበርን፤ ከሁለታችን የሚያጉረመርመው እሱ ብቻ አልነበረም።

ዝናቡ አልፎ ጤፍ ሲታጨድ፣ ከበረቱ ደጃፍ ያለ ክራንች ቆምኩ። በዚያው ሰሞን አንገቱ ላይ ያለውን ሽቦ ቆረጥኩለት። ፒንሳውን ብዙ ቀን ጭኔ ላይ አድርጌ እንዲያሸተው ትቼው ነበር። ሽቦው ጸጉሩን በልቶ ቆዳውን አጠንክሮታል። ጣቴን ስሰድ ከንፈሩ ተነሳ፤ ጥርሱን አየሁት። እጄን ሳላነሳ ቆየሁ። ከንፈሩ ወረደ። ቆረጥኩት። በሚቀጥለው ሳምንት የድሮ የሥራ ባልደረባዬ የሆነ የእንስሳት ጤና ቴክኒሺያን መጥቶ፣ አፉን በጨርቅ አስረን የራቢስ ክትባት ወጋው። ከዚያ በኋላ የሚወስደው ሰው አልፈለግሁም። ስም አላወጣሁለትም። ሰፈሩ «የዘሃራ ውሻ» ይለዋል፤ እሱም ይበቃዋል።

ሰፈሩ ይቅር አላለኝም። ዛሬም በቤቴ ዕቃ የማይበሉ አሉ። ግራ እግሬ ስሄድ ስለሚጎተት፣ ልጆች ሲያዩኝ የቦርከናን ስም ይጠራሉ።

ከዓመታት በኋላ አንድ ጠዋት አያ ይመር እጁን በፎጣ ጠቅልሎ በሬ ላይ ቆመ። እህል መጋዘኑ ውስጥ የገባ ውሻ ነክሶታል። ወደ ቤት አልገባም።

«ዘግቼበታለሁ» አለ።

«ታጠብክ?»

«በሳሙና። ራውዳ ናት፤ ቧንቧው ሥር አቁማ እጄን ልትልጠው ነበር።»

«ሥሩንስ ጠጣህ?»

ፎጣውን አጠበቀ። «ጠጥቻለሁ» አለ። «ግን መኪናው እየጠበቀኝ ነው። ከወንዙ ማዶ መርፌው አሁንም በሆድ ነው?»

«በክንድ ነው። አዲስ ዓይነት ነው፤ የኔ ዓይነት ቀርቷል።»

ውሻዬ ከኋላዬ አጉረመረመ። «ዘመድሽን ያዥው» አለና ሄደ። እሱን የነከሰውም ውሻ በጤና ቆየ። በረቴ ስለተወረወረው ሥጋ እሱም አላነሳም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

እንግዲህ ለተነከሳችሁ የምላችሁ ይህ ነው። ከሁሉ በፊት ቁስሉን በሚፈስ ውሃና በሳሙና እጃችሁ እስኪዝል እጠቡ። አመድ አትነስንሱበት። በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም ሂዱ፤ የውሻውን ነገር ሳትጠብቁ ክትባቱን ጀምሩ። የዛሬው ክትባት እኔን ያሳመመኝ አይደለም፤ በእኔ ታሪክ ሰበብ የሚቀር ሰው ካለ ይህን ጽሑፍ ባልጻፍኩት ይሻል ነበር። የባህል መድኃኒት የጠጣችሁ ከሆነ ወንዙን ተሻገሩ። ውሻውን ሳትጠጉት መዝጋት ከተቻለ ዝጉበት፤ አትግደሉት። ከታመመ ወይም ከሞተ ወዲያው ለሐኪም ንገሩ።

ስለ እግሬ ሐኪሙን አመሰግናለሁ። ነርሷንም፣ መጀመሪያ ስለ ውሻው ስለጠየቀችኝ። የአያ ይመርን ሚስት፣ ባሏ ቤት እያለ መጥታ በረቱ ፊት ስለተቀመጠች። ራውዳን በቃል አላመሰገንኳትም፤ እሷም የምትወደው ነገር አይደለም። አልሐምዱሊላህ።

የሚፈራ ውሻ እጃችሁ ላይ ለወደቀባችሁ ደግሞ፣ መውጫው ላይ አትቁሙበት፤ ዓይኑን አትዩት፤ እጃችሁን አታንሱበት፤ የሚበላውን አስቀምጡለትና ጀርባችሁን ስጡት። ውደዱት አልላችሁም። እኔም ዛሬ እወደው እንደሆነ ብጠየቅ ምን እንደምመልስ አላውቅም። በሕይወት አቆዩት። ከዚያ በላይ የሚመጣ ነገር ካለ በራሱ ጊዜ ይመጣል፤ ካልመጣም ኖሯል፤ እናንተም ኖራችኋል።